የአጎቴ ፓምፕና የእናቴ ጀሪካን
(ስለ ሐረማያ ሐይቅ የውሃ፣ የምግብ፣ የኃይልና የቆሻሻ ትስስር)

መግቢያ

እንደሚታወቀው በዲፓርትመንታችን ውሃ፣ ምግብ፣ ኃይልና ቆሻሻ በየራሳቸው ኮርስ ነው የሚሰጡት፡፡ ፈተናውም ለየብቻ ነው፡፡ እኔ ባደግኩበት ቤት ግን አራቱ ነገሮች ተለያይተው አያውቁም፡፡ እናቴ ሐረር ከተማ ትኖራለች፡፡ ታላቅ ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ ሐረማያ ሐይቅ ዳር ገበሬ ነው፡፡ እናቴ ቧንቧ ጠብቃ ጀሪካን የምትሞላ ሴት ናት፤ አጎቴ ደግሞ በናፍጣ ፓምፕ ውሃ ስቦ ጫት የሚያጠጣ ሰው ነው፡፡ በዓል ሆኖ በተገናኙ ቁጥር ክርክሩ አይቀርም፡፡ እናቴ «የእኔን ውሃ የጠጣው ያንተ ጫት ነው» ትለዋለች፡፡ እሱም «አቦ ተይኝ! ሐረር በትልቅ ቧንቧ ስትመጠው አልነበር እንዴ?» ይላታል፡፡

ባለፈው ዕረፍት አጎቴ አንድ ነገር አዘዘኝ፡፡ የናፍጣ ፓምፑን በሶላር ፓምፕ ለመቀየር ብድር ሊጠይቅ ፈልጎ «አንቺ የተማርሽ ነሽ አይደል፣ ማመልከቻውን ጻፊልኝ» አለኝ፡፡ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር፡፡ ሶላር ንጹህ ኃይል ነው፤ ጭስ የለውም፤ ክፍል ውስጥም ሁላችንም የምንደግፈው ነው፡፡ ነገር ግን ብዕር ካነሳሁ በኋላ የእናቴ ጀሪካን ትዝ አለኝና ቆምኩ፡፡ ይህ ጽሑፍ ማመልከቻውን ከመጻፌ በፊት የሠራሁት ሂሳብ ነው፡፡

1. ሐይቁ ምን ደረሰበት?

ሐረማያ ሐይቅ (ብዙዎች ዓለማያ ይሉት ነበር) ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በድሬዳዋ መንገድ ላይ ይገኛል፡፡ ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው፡፡ ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ የሚመጣው ከዚህ ሐይቅ ነበር፡፡ ዙሪያውን ያሉ ገበሬዎችም ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን እያለሙ ለሐረርና ለድሬዳዋ፣ ከዚያም አልፎ ለጅቡቲ ገበያ ያቀርቡ ነበር፡፡

ሐይቁ ቀስ በቀስ እየሸሸ ሄዶ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፈጽሞ ደረቀ፡፡ እኔ ያኔ ሕፃን ስለነበርኩ ሐይቅ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆኖ ነው፡፡ እናቴ በአውቶብስ መስኮት እያሳየች «እዚህ ጋ ውሃ ነበር» ስትለኝ ተረት ይመስለኝ ነበር፡፡ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ውሃው ተመልሶ መተኛት ጀመረ፡፡ ወፎቹም ተመለሱ፡፡ የደረቀ ሐይቅ ሲመለስ ማየት ለአካባቢ ሳይንስ ተማሪ ትልቅ ዕድል ነው፤ የዚያኑ ያህልም ያስፈራል፡፡ አንዴ የደረቀበት ምክንያት ካልተወገደ ሁለተኛ ሊደርቅ ይችላልና፡፡

የደረቀበትን ምክንያት በአንድ ሰው ላይ መለጠፍ አይቻልም፡፡ የሐረር ከተማ የውሃ ፍጆታ ከሕዝቡ ጋር አደገ፡፡ በዙሪያው ያሉ ተራሮች ደናቸውን አጥተው አፈሩ በጎርፍ ወደ ሐይቁ ገባ፡፡ የመስኖ ፓምፖች በዙ፡፡ ፀሐይም የራሷን ድርሻ ወሰደች፡፡ እናቴም አጎቴም በከፊል ትክክል ናቸው ማለት ነው፡፡ ጥያቄው «ማን ስንት ወሰደ?» ነው፤ ለዚህ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል፡፡

2. የውሃው ሂሳብ

የአጎቴን ፓምፕ ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ በርሜልና የእጅ ሰዓት ብቻ ነው፡፡ 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል በ40 ሰከንድ ሞላ፡፡ ይህ ማለት በሰከንድ 5 ሊትር ነው፡፡ አጎቴ ሩብ ሄክታር ጫት አለው፤ በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ለ6 ሰዓት ያህል ያጠጣል፡፡ ስለዚህ፡-

5 ሊትር × 21,600 ሰከንድ = 108,000 ሊትር፣ ወይም 108 ሜትር ኩብ፡፡

ቁጥሩን ለእናቴ ለማስረዳት ወደ ጀሪካን ቀየርኩት፡፡ 5,400 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል፡፡ ቤታችን አምስት ሰዎች ነን፤ በቀን አምስት ጀሪካን እንጠቀማለን፡፡ የአጎቴ የአንድ ቀን መስኖ ለእኛ ቤት ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ውሃ ነው ማለት ነው፡፡ እናቴ ይህን ስትሰማ «አላልኩሽም?» አለችና ለጎረቤት ሁሉ አወራችው፡፡

ነገር ግን ሂሳቡን እዚህ ላይ ማቆም ትክክል አይደለም፡፡ ምክንያቱም ተክል ሁልጊዜ ከሰው በጣም የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፡፡ እኛም የምንበላው ማሽላና ድንች በቀን ከምንጠጣው ውሃ ብዙ እጥፍ ጠጥቶ ነው የሚያድገው፤ ስለማናየው ብቻ ነው የማንቆጥረው፡፡ ትክክለኛው ጥያቄ «ጫቱ የሚፈልገውን ያህል ነው ወይ የጠጣው?» የሚለው ነው፡፡ 108 ሜትር ኩብ በ2,500 ካሬ ሜትር ላይ ቢዘረጋ 43 ሚሊ ሜትር ከፍታ ይሆናል፡፡ በበጋ አንድ ማሳ ከአፈሩና ከቅጠሉ በቀን ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያተናል ብንል በሰባት ቀን ከ28 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያስፈልገዋል፡፡ ስለዚህ አጎቴ ከሚያጠጣው ውስጥ ከአምስት አንድ እስከ ሦስት አንድ የሚሆነው ትርፍ ነው፡፡ ከትርፉ የተወሰነው ወደ ከርሰ ምድር ሰርጎ ይመለሳል እንጂ ሁሉም አይጠፋም፡፡ ናፍጣው ግን አይመለስም፡፡

አሁን ደግሞ ፀሐይን እንይ፡፡ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው ሐይቅ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ቢተን 1,000 ሜትር ኩብ ነው፡፡ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ብንወስድ 4,000 ሜትር ኩብ በየቀኑ ወደ ሰማይ ይሄዳል፡፡ ይህም በአንድ ቀን 37 የአጎቴ ዓይነት ፓምፖች ከሚስቡት ጋር እኩል ነው፡፡ እዚህ ጋ ሁለት ነገር ተማርኩ፡፡ አንደኛ፣ አጎቴ ብቻውን ሐይቅ አያደርቅም፡፡ ሁለተኛ፣ እንደ አጎቴ ያሉ ሰዎች በመቶ ሲቆጠሩ ግን ሐይቁ ሁለተኛ ፀሐይ ወጣበት ማለት ነው፡፡ አጎቴ «የኔ አንድ ቱቦ ምን ታመጣለች?» የሚለው እውነት ነው፤ የሁሉም ሰው እውነት አንድ ላይ ሲደመር ነው ሐይቁን የጨረሰው፡፡

3. የኃይሉ ሂሳብ

ውሃ ከባድ ነው፡፡ ጀሪካን የተሸከመ ሁሉ ያውቀዋል፡፡ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ስለዚህ ውሃን ማንሳት ሁልጊዜ የኃይል ጥያቄ ነው፡፡

አጎቴ በዚያች የስድስት ሰዓት መስኖ 6 ሊትር ናፍጣ ያቃጥላል፡፡ አንድ ሊትር ናፍጣ በውስጡ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኃይል ስላለው በድምሩ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፡፡ ማሳው ከውሃው 10 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፡፡ 108 ቶን ውሃ 10 ሜትር ለማንሳት በንድፈ ሐሳብ የሚያስፈልገው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው፡፡ ከ20 እጅ አንዱ እጅ ሥራ ሠራ፤ የቀረው በሞተሩ ሙቀት፣ በጭሱ፣ በተጣመመውና በተቀደደው ቱቦ ውስጥ ቀረ፡፡ ቱቦው ሦስት ቦታ በላስቲክ ታስሯል፡፡

የእናቴስ ውሃ? ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ለሐረር ውሃ እንዲመጣ የተደረገው ድሬዳዋ አቅራቢያ ከሚገኘው የድሬ ጃራ ጉድጓዶች ነው፡፡ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ከተማዋን ከጥም አድኗታል፡፡ ግን ምን ዓይነት ኃይል እንደሚጠይቅ እናስብ፡፡ ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ስትሆን ወደ ሐረር የሚወጣው ውሃ እስከ 2000 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን ደጋ መውጣት አለበት፡፡ 800 ሜትር ብቻ ብለን ብንይዝ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለማንሳት 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ የፓምፑ ብቃት 60 በመቶ ቢሆን 3.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ይደርሳል፡፡ ለአንድ ጀሪካን 0.07 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፡፡

ይህ ቁጥር ደረቅ ስለሆነ በእንጀራ ልለካው፡፡ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል፡፡ አንድ እንጀራ በ3 ደቂቃ ቢበስል 0.175 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፡፡ ስለዚህ ሁለት ጀሪካን ተኩል ውሃ ተራራውን ለማውጣት አንድ እንጀራ የሚጋግር መብራት ይጠፋል፡፡ ቤታችን በቀን አምስት ጀሪካን ስለሚጠቀም በየቀኑ ሁለት እንጀራ መንገድ ላይ ጋግረን እንጥላለን እንደማለት ነው፡፡ ሐረር ደግሞ ከሐይቁ ዝቅ ያለች ከተማ ናት፡፡ ሐይቁ እያለ ውሃው ከደጋ ወደ ሐረር ነበር የሚወርደው፤ ሐይቁ ሲጠፋ ግን ከቆላ ወደ ደጋ መግፋት የግድ ሆነ፡፡ መብራት ሲጠፋ ውሃም ለምን አብሮ እንደሚጠፋ የገባኝ ይህን ሂሳብ የሠራሁ ቀን ነው፡፡

4. ጫት ለምን ድንችን አሸነፈ?

ክፍል ውስጥ ስንከራከር ብዙ ጊዜ «ገበሬው ስግብግብ ሆኖ ምግብ ትቶ ጫት ተከለ» ሲባል እሰማለሁ፡፡ የአጎቴን ታሪክ ስጠይቀው ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም፡፡

ሐይቁ ቅርብ በነበረበት ጊዜ አጎቴ ድንችና ሽንኩርት ነበር የሚያለማው፡፡ ውሃው በሸሸ ቁጥር ቱቦ ቀጠለ፡፡ ቱቦ ሲቀጥል ናፍጣ ጨመረ፡፡ ሐይቁ ሲያልቅ እንደ ሌሎቹ ገበሬዎች ሐይቁ የነበረበት መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፈረ፤ ውሃው ጥልቅ በሄደ ቁጥር ወጪው ሌላ ሆነ፡፡ ያኔ ድንች የናፍጣውን ዋጋ መሸፈን አቃተው፡፡ ዋጋውን ችሎ የሚቆመው ጫት ብቻ ነው፡፡ ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቀጠፋል፤ በበጋ ዋጋው ይወደዳል፤ የአወዳይ ገበያ ደግሞ ቅርብ ነው፤ በማለዳ ተቆርጦ ወዲያው ይሸጣል፡፡ ድንች ግን ገበያ ከጠገበ ይበሰብሳል፡፡

እንግዲህ ክቡ ይኸው ነው፡፡ ውሃው ሲርቅ ኃይል ይወደዳል፤ ኃይል ሲወደድ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ሰብል ይተከላል፤ ሰብሉ በበጋ ውሃ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ውሃው ይበልጥ ይርቃል፡፡ በዚህ መሐል የሚቀነሰው ምግብ ነው፡፡ አጎቴ ዛሬ ማሽላውንና ድንቹን ከገበያ ገዝቶ ነው የሚበላው፡፡ «ድንች ገበሬ ነበርኩ፣ አሁን ድንች ደንበኛ ነኝ» ብሎ ራሱ ላይ ይስቃል፡፡ የጫት ዋጋ በወደቀ ሳምንት ግን አይስቅም፡፡

5. ቆሻሻው የት አለ?

ሂሳቡን ስጀምር ቆሻሻን ለብቻው ልተወው አስቤ ነበር፡፡ ግን እሱም እዚሁ ክብ ውስጥ ተገኘ፡፡

የመጀመሪያው ኩበት ነው፡፡ የማገዶ እንጨት ስለጠፋ የከብት ፍግ ይጠፈጠፍና ለማገዶ ይነዳል፤ የማሽላ አገዳውም እንዲሁ፡፡ ወደ አፈር መመለስ የነበረበት ነገር ምድጃ ገባ፡፡ ብስባሽ ያጣ አፈር ውሃ አይይዝም፤ ስለዚህ አጎቴ ቶሎ ቶሎ ያጠጣል፡፡ አፈሩም ስለማይጣበቅ በክረምት በጎርፍ ታጥቦ ሐይቁ ውስጥ ይተኛል፡፡

ደለል ለምን አደገኛ እንደሆነ በቁጥር እንየው፡፡ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋትና 4 ሜትር ጥልቀት ያለው ሐይቅ 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፡፡ ደለል ሁለቱን ሜትር ቢሞላው 2 ሚሊዮን ይቀራል፤ የፀሐይዋ ድርሻ ግን አይቀንስም፤ የላይኛው ስፋት ያው ነውና፡፡ በቀን 4 ሚሊ ሜትር በዓመት ወደ 1.5 ሜትር ነው፡፡ ከ4 ሜትር ላይ 1.5 ሲወሰድ ሐይቅ ይተርፋል፤ ከ2 ሜትር ላይ 1.5 ሲወሰድ ግን የሚተርፈው ጭቃ ነው፡፡ የተመለሰው ሐይቅ ጥልቀቱ ከስፋቱ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል የምለው ለዚህ ነው፡፡

ሁለተኛው የከተማው ቆሻሻ ነው፡፡ በሐረር ትርፍራፊ ምግብን ጅብ እንደሚያነሳው፣ የጫት ገረባን ደግሞ ፍየል እንደሚበላው ሁላችንም እናውቃለን፡፡ የሚበሰብሰው ነገር ድሮም ተመላሽ ነበረው፡፡ ተመላሽ የሌለው ፌስታል ነው፡፡ ፌስታሉ ቦይ ይዘጋል፤ ገረባ የምትበላዋም ፍየል አብራ ትውጠዋለች፡፡

ሦስተኛው ማዳበሪያና ሳሙና ነው፡፡ ከማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያና ከመንደር የሚወርደው የልብስ ማጠቢያ ውሃ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል፡፡ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይህ ሲከማች አልጌ ይበዛል፤ አልጌው ሲሞትና ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣም ይሞታል፡፡ ውሃው ቢኖርም እንኳ የማይረባ ውሃ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፡፡

እዚህ ላይ «ታዲያ ባዮጋዝ ይሠራ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፡፡ እኔም ብዬ ነበር፡፡ ባዮጋዝ ጥሩ ነው፤ ፍጉ ጋዝ ሰጥቶ የሚቀረው ዝቃጭ ማዳበሪያ ይሆናል፡፡ ነገር ግን በተለመደው አሠራር ፍጉ ከተመጣጣኝ ውሃ ጋር መበጥበጥ አለበት፤ በየቀኑ ሌላ ጀሪካን ማለት ነው፡፡ በተጨማሪም የባዮጋዝ ምድጃ እሳቱ መሐል ላይ ስለሚሰበሰብ ወጥና ሻይ እንጂ ሰፊ ምጣድ እኩል ማጋል ይከብደዋል፡፡ የአጎቴ ሚስት «እንጀራ ካልጋገረልኝ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ፡፡ መልስ አልነበረኝም፡፡ ሳይንስ ወደ ጓዳ ሲገባ መጀመሪያ ምጣዱን መጠየቅ አለበት፡፡

6. ወደ ማመልከቻው ስንመለስ

አሁን ሶላሩን እንየው፡፡ ናፍጣ ውድ መሆኑ መጥፎ ነው ስንል ከርመናል፤ ነገር ግን ውድነቱ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር፡፡ አጎቴ 6 ሰዓት ካጠጣ በኋላ ሞተሩን የሚያጠፋው ጫቱ ስለጠገበ ብቻ ሳይሆን ናፍጣ ስላለቀበት ነው፡፡ የናፍጣው ዋጋ ሳናውቀው የሐይቁ ጠባቂ ነበር፡፡ ሶላር ላይ ግን ፓነሉ አንዴ ከተገዛ ቀጣዩ ሊትር በነጻ ነው፡፡ ነጻ የሆነን ነገር ማን ያጠፋል? ፀሐይ ከወጣችበት እስክትጠልቅ ቢሠራስ? አንድ ሺህ ገበሬ እንዲህ ቢያደርግስ? ጭሱን አጥፍተን ሐይቁንም አብረን እናጠፋለን፡፡

ይህን ለአጎቴ ነገርኩት፡፡ ዝም ብሎ ሰማኝና «እናትሽ ላከችሽ እንዴ?» አለኝ፡፡ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ግን «ሐይቁ ሲደርቅ እኔ ነበርኩ እዚህ፡፡ አንቺ ሳትሆኚ እኔ ነኝ ያየሁት፡፡ መጨረሻ ላይ ዓሣው ጭቃ ውስጥ ሲገላበጥ በእጄ አንስቻለሁ» አለ፡፡ ከዚህ በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን፤ ማመልከቻውንም አብረን ጻፍነው፡፡ ሶላሩን ጠየቅን፤ ነገር ግን አራት ነገር ጨመርንበት፡፡

ሀ) ፓምፑ ላይ የውሃ ቆጣሪ ይገጠማል፤ ንባቡም በደብተር ይጻፋል፡፡
ለ) መስኖው በቦይ መልቀቅ ቀርቶ በጠብታ ይሆናል፤ የተቀደደው ቱቦም ይቀየራል፡፡
ሐ) ከሩብ ሄክታሩ የተወሰነው ወደ ድንች ይመለሳል፤ ውሃ ማንሳት ከረከሰ ድንችም ዋጋውን ሊችል ይችላልና፡፡
መ) በዙሪያው ያሉ ጎረቤቶች አብረው ተስማምተው የሐይቁ ከፍታ ከተወሰነ ምልክት በታች ሲወርድ ሁሉም ፓምፑን ያቆማል፡፡

አራተኛው ከሁሉም ከባድ ነው፡፡ አጎቴ ብቻውን ቢያቆም ጎረቤቱ ይስበዋል፡፡ «እኔ ላቁም፤ ሌላውስ?» ላለኝ ጥያቄ በወረቀት ላይ የሚሠራ መልስ የለኝም፡፡ መልሱ ያለው ሰዎቹ በሚሰበሰቡበት ዛፍ ሥር ነው፡፡

መደምደሚያ

ከዚህ ትንሽ ጥናት የወሰድኩት ትምህርት የሚከተለው ነው፡፡ አንድን ችግር በአንድ ኮርስ ብቻ ስንፈታ ችግሩን ወደ ሌላው ኮርስ እንገፋዋለን፡፡ የውሃውን ጥያቄ በድሬ ጃራ ስንመልስ የመብራት ጥያቄ ሆነ፡፡ የማገዶውን ጥያቄ በኩበት ስንመልስ የአፈርና የደለል ጥያቄ ሆነ፡፡ የናፍጣውን ጥያቄ በሶላር ብቻ ብንመልስ ደግሞ እንደገና የውሃ ጥያቄ ይሆናል፡፡ ስለዚህ ዲፓርትመንታችን ለተመራቂዎች ፕሮጀክት ሲሰጥ ቢያንስ አንዱ ቡድን አራቱንም በአንድ ማሳ ላይ እንዲለካ ቢደረግ ብዬ በትሕትና አሳስባለሁ፡፡ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ በርሜል፣ ሰዓት፣ ደብተርና ፈቃደኛ ገበሬ ይበቃል፡፡ ገበሬውን እኔ አመጣለሁ፡፡

የሠራኋቸው ሂሳቦች የአንድ ማሳና የአንድ ቤት ናቸው፤ የሐይቁን ሁሉ ሁኔታ ይወክላሉ አልልም፡፡ ስህተት ያገኘ መምህርም ሆነ ተማሪ ቢያርመኝ ደስ ይለኛል፡፡

እናቴ ማመልከቻውን አንብቤላት «ወንድሜ ፓምፑን ሊያቆም ፈረመ?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፡፡ ከዚያ ለበዓል ስትሄድ አንድ ጀሪካን ከሐረር ውሃ ሞልታ ልትወስድለት እንዳሰበች ነገረችኝ፡፡ «ክብደቱን ይየው» አለች፡፡